ኤጀንቱ «እህትሽን ደብቂ» ካለሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። አሜሪካ ለማስተርስ ተቀብለዋት ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው የቅበላ ወረቀት፣ አይ-20ዋ፣ እጇ ገብቷል። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 31 ሺህ ዶላር ነው፤ 14 ሺውን ዩኒቨርሲቲው ሸፍኖላታል። የቀረውን 17 ሺህ እህል ነጋዴ አባቷና ሜሪላንድ የምትኖር እህቷ ተጋግዘው ሊከፍሉላት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እህቷን ልትጠይቅ የቱሪስት ቪዛ አመልክታ ተከልክላለች። ፎርሙን የሚሞላላት ኤጀንት ታዲያ ሦስት ነገር መክሯታል። የበፊቱን ክልከላ «የለም» ብለሽ እለፊው። እህት አለችኝ አትበይ። አባትሽ አካውንት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ብር ለሁለት ሳምንት አስገብተን ስቴትመንት እናወጣልሻለን። «ሁሉም የሚያደርገው ነው ይለኛል፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ ቪዛውን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?» ብላለች።

እህቴ፣ ሦስቱንም አታድርጊ። ይህን የምልሽ ስለ ጽድቅና ኩነኔ ለመስበክ አይደለም፤ እሱን የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ። እኔ ሥራዬ የተማሪ ቪዛ ፋይል ማየት ነው፤ ከዚያ ተነስቼ የምነግርሽ ኤጀንቱ ደብቂ ያለሽ ነገር በራሱ ቪዛ የሚያስከለክል እንዳልሆነ ነው። መደበቁ ነው ጉድ የሚያፈላው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይለይልሽ። እኛ «ሪጀክት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። የተለመደው በኢሚግሬሽን ሕጋቸው አንቀጽ 214ቢ የሚሰጠው ነው። ሕጉ አመልካቹን ገና ከበሩ «ይሄ ሰው ሊቀር ነው» ብሎ ይጠረጥረዋል፤ ጥርጣሬውን ማንሳት የአመልካቹ ፈንታ ነው። ኢንተርቪው የሚያደርግሽ የቆንስላ ኦፊሰር ካልተዋጠለት አንድ ወረቀት ሰጥቶ ይሸኝሻል። ያናድዳል፣ የከፈልሽው 185 ዶላርም አይመለስም። ግን በዚያው ያበቃል። ሁኔታሽ ሲለወጥ ወይም ጉዳይሽን በደንብ ማስረዳት ስትችይ ተመልሰሽ ታመለክቻለሽ። ለሴቪስ፣ ማለትም ለውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓታቸው፣ የከፈልሽው 350 ዶላር እንኳ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ እንደገና ካመለከትሽ ያገለግልሻል። በመጀመሪያው ተከልክለው በሁለተኛው ያለፉ ልጆች ሞልተዋል።

ሌላኛው 212ኤ6ሲ ነው፤ በአጭሩ «ስድስት ሲ» ይሉታል። ቪዛ ለማግኘት ብሎ፣ እያወቀ፣ ውሳኔ ሊያስለውጥ በሚችል ጉዳይ ላይ ለዋሸ ወይም የውሸት ሰነድ ላቀረበ ሰው የተዘጋጀ ነው። ይሄኛው ጊዜ የሚሽረው አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ምሕረት መጠየቂያ መንገድ አለው፤ ግን ጠባብ ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ለግሪን ካርድ ምሕረት ብትጠይቂ ሕጉ የሚያየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባል፣ እናት ወይም አባት ካለሽ ነው። እህት አትቆጠርም። እንግዲህ ኤጀንቱ እየመከረሽ ያለው ምናልባት ሊመጣ የሚችለውን፣ የሚታለፈውን ክልከላ ለማምለጥ የማይታለፈው ውስጥ እንድትገቢ ነው። እሱ እንደሆን በሁለቱም ክፍያውን ይቀበላል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክሮች።

የበፊቱ ክልከላ ቀላሉ ነው። የቪዛ ማመልከቻው ፎርም፣ ዲኤስ-160፣ ላይ ከዚህ በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ባለፈው ስታመለክቺ አሥሩንም ጣትሽን አሻራ ሰጥተሻል አይደል? ፎቶሽም፣ ፎርምሽም፣ የዚያን ቀን ኦፊሰር የጻፈው አጭር ማስታወሻም እነሱ ጋ አለ። ጥያቄው አንቺ ሳትነግሪያቸው የማያውቁትን ነገር የሚያወጣ አይደለም፤ መልሱ ፊታቸው ተቀምጦ ነው የሚጠይቁሽ። «አዎ» በይ፤ ከሥር በሚከፈተው ሣጥን ውስጥ መቼ፣ ለምን ዓይነት ቪዛ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተከለከልሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊና እለፊ። ማልቀስ፣ ማስረዘም፣ ኦፊሰሩን መክሰስ አያስፈልግም። ያኔ ዘመድ ጠያቂ ነበርሽ፣ አሁን ተቀባይነት ያገኘች ተማሪ ነሽ። የተለወጠው ነገር ግልጽ ነው።

እህትሽን መደበቅ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ኤጀንቱ ፋይልሽን አንብቦት አያውቅም ያሰኛል። ባለፈው ቱሪስት ቪዛ የጠየቅሽው ማንን ልትጠይቂ ነበር? እህትሽን! ስሟን፣ አድራሻዋን፣ ስልኳን ራስሽ ሞልተሽ ሰጥተሻቸዋል። አሁን «አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ የለኝም» ስትይ ከራስሽ ፊርማ ጋር ነው የምትጣይው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። የእህትሽ ሠርግ ፎቶ ሥር «እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ» ብለሽ የጻፍሽው እዚያው ይነበባል።

ፎርሙ የሚጠይቀው እህት እንዳለሽና ሁኔታዋ ምን እንደሆነ ነው፤ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ፣ ጊዜያዊ ቪዛ ያላት፣ ወይም ሌላ/አላውቅም። እህትሽን ደውለሽ ጠይቂያትና ትክክለኛውን ምረጪ። እግረ መንገድሽን ሌላም ጠይቂያት፦ ቤተሰብ ለማምጣት በአንቺ ስም ያስገባችው ፒቲሽን (የኢሚግሬሽን ማመልከቻ) አለ ወይ? ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፤ እህት ወይም ወንድም ዜግነት ባገኘ ማግስት አስገብቶ፣ ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚፈጅ ረስቶት ቁጭ ይላል። ፎርሙ ግን ለይቶ ይጠይቃል። ካለ «አዎ» ነው መልሱ። ፒቲሽን መኖሩ ሥራሽን ያከብደዋል፣ አልዋሽሽም። መደበቁ ግን በጣም ያባብሰዋል።

እህት ያላት ሁሉ ትከለከላለች የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም። እህትሽ እንዲያውም ከፋይሽ ናት። ለቀረው ወጪ ግማሽ መልስ የሆነችውን ሰው ደብቀሽ «ታዲያ 17 ሺውን ከየት አመጣሽው?» ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው? ለዚህ ነው ኤጀንቱ ወደ ሦስት ሚሊዮኑ የሄደው። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ጋ ስለሆነ። ስቴትመንቱን በኦፊሰሩ ዓይን እዪው። አካውንቱ ለወራት አርባ ሺህ፣ ስድሳ ሺህ፣ አንዳንዴ መቶ ሃያ ሺህ እየገባና እየወጣ ይቆያል። የነጋዴ አካውንት ነው፣ ይተነፍሳል። ከዚያ ድንገት በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር፣ ሦስት ሚሊዮን። ከሥሩ ምንም እንቅስቃሴ የለም። ቀኑ ደግሞ ከኢንተርቪው አሥር ቀን በፊት ነው። አጠገቡ የተያያዘው የግብር ወረቀት አባትሽ በዓመት ያሳወቁት ገቢ የዚያን ሩብ እንኳ እንደማይሞላ ይናገራል። ይሄን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ከተጠራጠሩ ደግሞ ኤምባሲዎች ማጭበርበር የሚከታተል ክፍል አላቸው፤ ባንክ ይደውላሉ፣ መሥሪያ ቤት ይደውላሉ፣ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ።

«ስቴትመንቱ እኮ ከባንክ የወጣ እውነተኛ ወረቀት ነው» ይሉሻል። ልክ ነው፣ ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ግን አንቺ በዚያ ወረቀት የምትናገሪው «ይህ የአባቴ ገንዘብ ነው፣ ለትምህርቴ ይውላል» የሚለውን ነው። ይሄ ደግሞ ውሸት ነው፤ ገንዘቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። «ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁሽ በአፍሽ የምትሰጪው መልስ ነው ስድስት ሲ የሚያስገባሽ።

ተሳክቶ ቪዛው ቢመታልሽስ? ይሄን ማንም አያስብበትም። ጥር ላይ የሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ ይመጣል፤ ሦስት ሚሊዮኑ የለም። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ የገባ ተማሪ በትምህርት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው መሥራት የሚችለው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት በመሠረቱ አይፈቀድም። በካፍቴሪያ ሥራ ቱሽን አይከፈልም። ካልከፈልሽ አትመዘገቢም፣ ካልተመዘገብሽ ሴቪስ ላይ ይዘጉብሻል፣ በአገሩ የመቆየት መብትሽ ያከትማል። ኤምባሲው ገንዘብሽን የሚጠይቅሽ ለጨዋታ አይደለም፤ እዚያ ሄደሽ ሜዳ ላይ እንዳትቀሪ አንቺም ልትጠይቂው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ታዲያ እውነተኛውን እንዴት ታቀርቢዋለሽ? እህትሽ ስንት ትችላለች? አሥር ሺህ ከሆነ አሥር ሺህ። የደመወዝ ወረቀቷን፣ የዓመት ታክሷን፣ የባንክ ስቴትመንቷንና ይሄን ያህል እከፍላለሁ የሚል አጭር ደብዳቤ ትላክልሽ። አባትሽ ሰባት ሺህ ከሆነ ንግድ ፈቃዳቸው፣ የግብር ወረቀታቸው፣ ያለው የባንክ ሒሳብ እንዳለ ይቅረብ። የእኛ አገር ነጋዴ ገንዘቡ ሁሉ ባንክ ውስጥ እንደማይቀመጥ የአዲስ አበባ ቆንስላም ያውቃል። ዕቁብ ከሆነ ዕቁብ ነው በይ፤ አባትሽ ዕቁብ ደርሷቸው የገባ ብር ነው ማለት ነውር የለውም፣ እውነት እስከሆነ ድረስ። መኪና ወይም ቦታ ተሸጦ ከሆነ ውልና ማስረጃ የተፈረመው ውል አለ። ትልቅ ገቢ መኖሩ ችግር አይደለም። ምንጩ አለመታወቁ ነው ችግሩ።

አይ-20ውንም ገልብጠሽ እዪው። ወጪሽን ማን እንደሚሸፍን እዚያ ላይ ተጽፏል። ኤጀንቱ ለዩኒቨርሲቲው ሲልክ «ሙሉውን አባት» ብሎ ከሆነ አንቺ መስኮት ላይ ቆመሽ «እህቴም ታግዘኛለች» ስትይ ወረቀቱና አፍሽ ይለያያሉ። ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፊላቸው፣ የእህትሽን ሰነድ ላኪና የተስተካከለ አይ-20 ጠይቂ። የተለመደ ሥራቸው ነው።

ሁሉም ተደምሮ 17 ሺህ ካልሞላስ? ያኔ ቪዛው አይደለም ጥያቄው። ዲፓርትመንቱን አሲስታንትሺፕ (ለእነሱ እየሠራሽ ወጪሽን የሚያግዙበት) አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ካልሆነ መግቢያሽን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አዘዋውሪ። አንድ ሴሚስተር ማርፈድ ያበሳጫል፣ ጎረቤቱም «ምነው ቀረች» ማለቱ አይቀርም፤ ይበል።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው» ላለው፣ ሌሎች አገሮችም ይሄንን ብልሃት ካወቁት ቆይተዋል። እንግሊዝ ገንዘቡ ቢያንስ 28 ተከታታይ ቀን አካውንት ውስጥ እንዲቆይ ትጠይቃለች። ጀርመን ጭራሽ ዝግ አካውንት ውስጥ ታስገባሽና ከዚያ በየወሩ እየቆነጠረች ትሰጥሻለች። ውሸት ያገኘችበትን ካናዳ 5 ዓመት፣ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ታግዳለች። እነዚህ ሁለቱ ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር የኢሚግሬሽን መረጃ ይለዋወጣሉ። «እዚህ ካልሆነ እዚያ እሞክራለሁ» የሚለውም ስለዚህ ብዙ አያዋጣም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለውን ስህተት ላንሳ። እውነት ተናገሪ ሲባሉ ያልተጠየቁትን ሁሉ የሚዘረግፉ ልጆች አሉ። ምን እንደምታጠኚ ሲጠይቁሽ ስለ አጎትሽ ልጅ የጥገኝነት ጉዳይ ማውራት አይጠበቅብሽም። ዝም ማለት ብቻውን ውሸት አይደለም፤ ለተጠየቅሽው ግን ሙሉና ቀጥተኛ መልስ ስጪ። ኢንተርቪው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ አጭር መልስ የተሻለ ነው።

«ትመለሻለሽ?» የሚለውም ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ የዛሬ አምስት ዓመት የት እንደምትሆን በእርግጠኝነት ታውቃለች ብሎ የሚጠብቅ የለም። የሚጠየቀው አሁን ያለሽ ሐሳብ ነው፤ ተምረሽ፣ ጨርሰሽ ለመመለስ ነው የምትሄጂው ወይስ ትምህርቱ ሰበብ ነው? ከምረቃ በኋላ በሙያሽ አንድ ዓመት ለመሥራት የሚፈቅድ ኦፒቲ የሚባል ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ከተጠየቅሽ እሱን እንደምታውቂ መናገር ወንጀል አይደለም። «ተመልሼ ወገኔንና አገሬን አገለግላለሁ» የምትለውን የተሸመደደች ዓረፍተ ነገር ግን ተያት። ኦፊሰሩ ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንቴ እንደሰማት እግዜር ይወቅ። ይልቅ የምትመለሺበትን ነገር በተጨባጭ ንገሪው፤ አባትሽ እህል ንግድ ውስጥ ናቸው፣ አንቺ ምን ልትማሪ ነው፣ ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ? ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ አጥተሽ ሱቅ ስታግዢ ቆይተሽ ከሆነም «ሱቅ ሳግዝ ነበር» በይ። ኤጀንቱ የሚያዘጋጀው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጠቅምሽም፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ሲደወል የሚያነሳው ማነው?

ሆን ብሎ መዋሸትና መሳሳት ለየቅል ናቸው፤ ሕጉም ይለያቸዋል። እኛን በብዛት የሚያሳስተን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አንድ አመልካች በ2014 ዓ.ም የተመረቀውን እንዳለ 2014 ብሎ ሞልቶት አይቻለሁ፤ በፎርሙ ስሌት በ13 ዓመቱ ዲግሪ ይዟል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 1994 ከሆነ በፈረንጅ 2001 ነው፣ ሚያዝያ 1994 ከሆነ 2002። ፓስፖርትሽና ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለውን ስምና ቀን አስተያዪ። የፊደል ወይም የቀን ልዩነት ካለ ቀድመሽ እወቂው፣ ቢጠይቁሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ።

ምናልባት ኤጀንቱ ፎርሙን ልኮት ከሆነስ? አትደንግጪ፣ ገና ኢንተርቪው አልገባሽም። አዲስ ዲኤስ-160 በትክክለኛው መልስ ሙይ፣ የቀጠሮሽን መረጃ በአዲሱ የማረጋገጫ ቁጥር አስተካክዪ፤ ዕለቱ ሲደርስ ደግሞ ሳይጠይቁሽ በፊት «በመጀመሪያው ፎርሜ ላይ ስህተት ነበረ፣ አስተካክዬዋለሁ» በያቸው። ሳይደርሱብሽ በፊት በራስሽ ፈቃድ ካረምሽው እንደ ውሸት አይያዝብሽም። ከደረሱበት በኋላ «እሱ ነው የሞላው» ብትይ ግን የሚሰማሽ የለም፤ እያወቅሽ ያስገባው ነገር እንደ አንቺ ቃል ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው ፎርሙን ሌላ ሰው ቢሞላልሽም ፊርማውን ራስሽ እንድትጫኚ የሚያስገድዱሽ። ማን እንዳገዘሽም ይጠይቃል፤ የኤጀንቱን ስም ጻፊ። እዚያ ጋ «ስሜን አትጥቀሺ» ካለሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነገረሽ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምታደርጊው፦ የዲኤስ-160 ማመልከቻ ቁጥርሽንና የደህንነት ጥያቄውን መልስ ከኤጀንቱ ተቀበዪ፤ ያንቺ ነው፣ ሊከለክልሽ አይችልም። የተሞላውን ከላይ እስከ ታች፣ በራስሽ ዓይን፣ እህትሽን ስልክ ላይ አድርገሽ አንብቢው። ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይሉን ዛሬውኑ ላኪ፤ የተስተካከለው አይ-20 እስኪመጣ ቀናት ሊፈጅ ይችላልና ቀጠሮሽ ከቀረበ አራዝሚው። አባትሽንም አስቀምጠሽ ስንት እንደሚችሉ እቅጩን ጠይቂያቸው፣ ለኤምባሲ ሳይሆን ለእናንተ የሚሆነውን ቁጥር።